የአሮጌ የጢም ምላጭ እድሳትና ንግዱ

በእጀታው ውስጥ እየታጠፈ የሚቀመጠው የጢም ምላጭ ከዕለት አገልግሎት የወጣ ቢመስልም፥ በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌውን ምላጭ እየገዙ፥ እያደሱና እየሳሉ መሸጥ ዛሬም ገበያ ያለው ሥራ ነው። የዚህ ንግድ ትርፍም ሆነ ኪሳራ የሚወሰነው በግዢው ሰዓት ነው፤ የሚታደሰውን ከማይታደሰው ለይቶ የማያውቅ ነጋዴ ገንዘቡን በዝገት ላይ ያፈሳልና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በገበያ ከሚገኙት አሮጌ ምላጮች ብዙዎቹ የተሠሩት በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ወይም በጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማ ነው። የሼፊልድ ዝና የጸናው ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ በ1740ዎቹ ዓመታት ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ አቅልጦ፥ ጥራቱ ወጥ የሆነ ዐረብ ብረት ለማውጣት ከቻለ ወዲህ ነው። በ1903 ግን የአሜሪካው ጂሌት ኩባንያ ስለቱ የሚለወጥ መላጫ ለገበያ አቀረበ፤ በዚያ ዓመት የሸጠው 51 መላጫ ብቻ ሲሆን፥ በ1904 ከ90,000 በላይ ሸጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የአሜሪካ መንግሥት ይህንኑ መላጫ በሚሊዮን እየገዛ ለወታደሮቹ አደለ። በዚህ ምክንያት የቀድሞው ምላጭ ከነማኅደሩ በየቤቱ ተቀመጠ፤ ዛሬ የሚታደሰውም ይኸው ነው።

ገዢው በመጀመሪያ የሚመለከተው በስለቱና በእጀታው መካከል ባለው የምላጩ አንገት ላይ የተመታውን ምልክት ነው። በ1890 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አዝዞ ከ1891 ጀምሮ ስለ ጸና፥ የአገር ስም የተመታበት ምላጭ ዘመኑን ለመገመት ይረዳል። የዞሊንገንም ስም ከ1938 ጀምሮ በጀርመን ሕግ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ምላጩን ለማሳመር ብሎ ይህን ምልክት በመፈግፈግ ያጠፋ አዳሽ፥ የዕቃውን የምስክር ወረቀት እንደ ቀደደ ይቈጠራል።

ሁለተኛው ምርመራ የስለቱ ነው። በላዩ ላይ ብቻ የተነሣ ዝገት በዘይትና በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ዝገቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ የስለቱን ጠርዝ በልቶት እንደ ሆነ ግን ጕድጓዱ እስኪጠፋ ብረቱን መቀነስ ግድ ነው። ስንጥቅ ያለበት ምላጭ ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ለመላጫነት ሊገዛ አይገባም፤ ስንጥቁ እየሰፋ ይሄዳል እንጂ አይመለስምና።

በሥራው ላይ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። በሞተር በሚዞር ድንጋይ ወይም መወልወያ ላይ የተያዘ ቀጭን ስለት በጥቂት ቅጽበት ይግላል። ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ሰማያዊ ቀለም ያወጣል፤ ይህም ጥንካሬው እንደ ጠፋና ከእንግዲህ ስለት እንደማይዝ ያስታውቃል። ጥንቁቅ አዳሽ ስለዚህ ብዙውን ሥራ በእጁ ይሠራል፤ ሞተር ቢጠቀምም ብረቱን ደጋግሞ በውኃ ያበርዳል።

በሚሳልበት ጊዜ የምላጩ ጀርባና ጠርዝ ባንድነት ድንጋዩን ይነካሉ፤ የስለቱን ማዕዘን የሚጠብቀው ጀርባው ነው። ሥራው በ1,000 ቍጥር ድንጋይ ተጀምሮ በ4,000ና በ8,000 አልፎ በ12,000 ይጨረሳል፤ በቤልጅግ አገር በአርደን ተራራማ አውራጃ የሚወጣው ኮቲኩል የተባለው የተፈጥሮ ድንጋይም ለመጨረሻው ስለት የታወቀ ነው። በመጨረሻ ምላጩ ጀርባው እየቀደመ በቆዳ ጠፍር ላይ ይታሻል።

የእጀታው ጕዳይ ለነጋዴው የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብዙ እጀታዎች ከሴሉሎይድ የተሠሩ ናቸው። ሴሉሎይድ ሲያረጅ እየፈረሰ አሲድነት ያለው ትነት ያወጣል፤ ትነቱም የራሱን ስለት ብቻ ሳይሆን ባንድ ሣጥን የተቀመጡትን ምላጮች ሁሉ ያዝጋል። መሰንጠቅ ወይም የሚኰመጥጥ ሽታ የታየበት እጀታ ወዲያው ከሌላው ዕቃ ተለይቶ ይቀመጥ፤ በቀላሉ የሚነድ ስለ ሆነም ከእሳት ይራቅ።

የዝሆን ጥርስ እጀታ ደግሞ የሕግ ነገር ነው። ስለ ብርቅዬ አራዊትና ዕፀዋት ንግድ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት፥ የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ንግድ በ1989 እንዲታገድ ተወስኗል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ምላጩ መቶ ዓመት ያለፈው ቢሆንም እንኳ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ያሻገረ ነጋዴ ዕቃው ሊወረስበትና ሊከሰስ ይችላል። ስለዚህ በአገር ለአገር ንግድ የቀንድ ወይም የእንጨት እጀታ ያለው ይመረጣል፤ የከብት ቀንድ በአዳሾች ዘንድ ለአዲስ እጀታ መሥሪያነት የተለመደ ነው።

የታደሰውን ምላጭ የሚሸጥ ባለ ሱቅ የተለወጠውን ሁሉ፥ እጀታውም ሆነ የነሐስ ችንካሩ፥ በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ ለራሱ ይበጀዋል። ለጌጥ የሚሆነውንና ለመላጨት የተሳለውን ለያይቶ በየዋጋው ማቅረብም ተገቢ ነው። ገዢው ምላጩን በፊቱ ላይ የሚያሳርፈው በሻጩ ቃል ተማምኖ ነውና፥ አንድ ያልተሳለ ምላጭ «ተስሏል» ተብሎ ቢሸጥ የሚጐዳው የዚያ ቀን ሽያጭ ብቻ ሳይሆን የሱቁ ስም ነው።