ተጨማሪ መረጃ፦ ድርጭትና የብርሃን ቆይታ

ተማሪ ሆይ፣ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 16 ለእስራኤል በምድረ በዳ ምግብ ሆና ለተሰጠችው ድርጭት የቅርብ ዘመድ የሆነችውን የጃፓን ድርጭት፣ በአዲስ አበባ ሀይሌ ጋርመንት ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ብታረባትና 2 ወር ሞልቷት ሳለ እንቁላል ብትነፍግህ፣ መካን ናት ብለህ አትፍረድባት። በቅድሚያ ደረቷን ተመልከት፤ ነጠብጣብ ያለባት ሴት ናት፣ ደረቱ ወጥ ሆኖ ቀላ ያለው ግን ወንድ ነውና በከንቱ አትጠብቀው።

የድርጭት እንቁላል መጣል በመኖ ብቻ ሳይሆን በብርሃን ቆይታ፣ ማለትም በአንድ ዕለት ብርሃን በሚታይባቸው ሰዓታት ብዛት ይመራል፤ ብርሃኑ የራስ ቅሏን ዘልቆ አንጎሏን ሲነካ፣ ሆርሞን የተባለው በደም የሚጓዝ መልእክተኛ የእንቁላል ዕጢዋን ያነቃቃዋል። ለዚህም ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ያሻታል፤ አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ፣ ቀኗ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እምብዛም አይርቅም። እንግዲህ ፀሐይ ስትጠልቅ አነስተኛ አምፖል አብርተህ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አቆይላት (መብራት የጠፋ ዕለት፣ ይህም በከተማችን ብርቅ አይደለም፣ አትጨነቅ)።

አምፖሉን ከማብራትህ በፊት 2 ሳምንት፣ ካበራህም በኋላ 3 ሳምንት በየዕለቱ የተጣለውን እንቁላል ቆጥረህ በደብተርህ መዝግብ፤ 10 ግራም ያህል የሚመዝነውን ዥጉርጉር እንቁላልም ከዶሮ እንቁላል ጋር በሚዛን አስተያይ።