የአየር ጠበንጃ ምን ዓይነት ጋዝ ይሞላበት?

በከተሞቻችን መንገድ ዳር ኢላማ የሚያስተኩሱ ልጆች የሚይዙትን የአየር ጠበንጃ ብዙዎቻችን አይተናል። ይህ ጠበንጃ አፈሙዙ ታጥፎ የሚወጠር ሲሆን ጉልበቱን የሚያገኘው በሆዱ ካለው ሞላ ነው። ሞላው ሲለቀቅ አየሩን ይገፋል፤ አየሩም የእርሳሱን ጥይት ይገፋል፤ ነገሩ በዚህ ያበቃል። ባለቤቱ ጋዝ ፍለጋ የትም አይሄድም።

ሁለተኛው ዓይነት ግን ቋት አለው፤ አስቀድሞ የታመቀ አየር በቋቱ ይዞ በየተኩሱ ጥቂት ጥቂት ይለቃል። አሳቡ አዲስ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የኦስትሪያ ጦር ጂራንዶኒ በሚባል የአየር ጠበንጃ አንዳንድ ወታደሮቹን አስታጥቆ ነበር፤ ቋቱንም በእጅ ፓምፕ መሙላት እጅግ አድካሚ ሥራ ነበር። የዛሬው ጠበንጃ ብዙውን ጊዜ እስከ 200 ባር ድረስ ይሞላል። የቤት መኪና ጎማ ሁለት ባር ተኩል ያህል፣ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ደግሞ 8 ወይም 10 ባር መሆኑን ስናስብ የቁጥሩ ክብደት ይገባናል። ስለዚህ ባለ ጠበንጃው ጎሚስታው ዘንድ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር አልፎ በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ የሚኖር ሰው ብርቱ ግፊት ያለው ሲሊንደር ለማግኘት ቢፈልግ በቅርብ የሚያየው በሁለት ቦታ ነው፤ በሆስፒታልና በብየዳ ቤት። በሁለቱም ቦታ የሚያገኘው ኦክሲጂን ነው። «አየርም ኦክሲጂን አለበት፤ እንዲያውም ይኼኛው የጠራ ነው» የሚል አማካሪ አይጠፋም። በቅርብ የሚገኘው ሲሊንደር ከሁሉ የባሰ ገዳይ መሆኑን ለማስረዳት ነው ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት።

ከጅማ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን የሚመላለሰው ኢሱዙ ካንዴላ የለውም። ናፍጣው የሚቀጣጠለው ሞተሩ አየሩን በድንገት ሲያምቀው አየሩ እጅግ ስለሚሞቅ ነው። በጠበንጃ ላይም ይኸው ይደርሳል። የሲሊንደሩ መክፈቻ በችኰላ ሲከፈት ጋዙ በጠባቡ ቱቦ ገብቶ ከጫፉ ላይ ይታመቃል፤ ይሞቃልም። በዚያ ጫፍ ላይ የቅባት ጠብታ፣ የጎማ ማጠቢቂያ፣ ወይም አቧራ አለ። ጋዙ ተራ አየር ሲሆን ከአምስት እጅ አራቱ የሚጠጋው ናይትሮጂን ስለ ሆነ እሳትን ያበርዳል፤ ያም ቢሆን ጥንቃቄ አይጠላም። ጋዙ ንጹሕ ኦክሲጂን ሲሆን ግን ቅባቱ ይፈነዳል፤ ከቅባቱም አልፎ ብረቱ ራሱ ይነዳል። (ፊዚክስ የሚያጠኑ ወዳጆቼ ይህ ከአርት ፋኩልቲ የመጣ ትምህርት ነው ብለው ይስቁ ይሆናል፤ ይሳቁ እንጂ አይሙሉበት።) በ1959 ዓ.ም. ጥር 19 ቀን አፖሎ 1 በተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር ውስጥ ሦስት ጠፈርተኞች የሞቱት በመሬት ላይ ሙከራ በማድረግ ሳሉ ክፍላቸው በንጹሕ ኦክሲጂን ተሞልቶ ስለ ነበር ነው። የዚያ ክፍል ግፊት ሁለት ባር እንኳ አይሞላም ነበር፤ እኛ የምንናገረው ስለ 200 ነው። በብየዳ ቤት ከኦክሲጂኑ አጠገብ የሚቆመው አሲቲሊን ደግሞ ሲታመቅ ያለ ኦክሲጂንም ሊፈነዳ የሚችል ጋዝ ነው፤ ስለ እርሱ ሌላ ቃል አልጨምርም።

«ቀለሙን አይቼ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ይጠንቀቅ። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ልማድ የኦክሲጂን ሲሊንደር አረንጓዴ፣ የናይትሮጂን ጥቁር ነው። በቀድሞው የእንግሊዝ ልማድ ግን ጥቁሩ ኦክሲጂን ነው! ሲሊንደር ከየአገሩ በሚመጣበት አገር በቀለም መተማመን እንግዲህ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። መታመን የሚገባው በላዩ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ የተፋቀ ከሆነ ሲሊንደሩን መተው ነው። ሠሪዎቹም ጋዞቹ እንዳይቀላቀሉ ብለው የመክፈቻውን ጥርስ የተለያየ አድርገውታል። እኛ አገር ግን ብልኅ ሰው አይታጣምና ቶርኖ ቤት ሄዶ ማገናኛ ያስቀርጻል። ጥርሱ እንቢ ሲል «ይህ የአንተ ጋዝ አይደለም» ማለቱ ነው።

ታዲያ ምን ይሞላ? ደረቅና ንጹሕ አየር ከሁሉ ይሻላል። በባሕር ዳርቻ አገር ሰው ከጠላቂዎች ሱቅ ይገዛዋል፤ እኛ ባሕር የለንምና ይህ መንገድ አያዋጣንም። ናይትሮጂንም መልካም ነው፤ ደረቅ ነው፤ እሳት አያነሣም። ነገር ግን ግፊቱን የሚወስን መቀነሻ ሳይኖር ከሲሊንደር በቀጥታ መሙላት አይገባም፤ ክፍሉም መስኮቱ የተከፈተ ይሁን፤ ናይትሮጂን ሽታ የለውም፣ ትንፋሽን ግን ያሳጣል። ለከብት ማዳቀያ የኮርማ ዘር የሚቆይበት ፈሳሽ ናይትሮጂን ግን ከቶ ወደ ቋት አይግባ፤ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ 700 እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ ቋቱን ይበጥሰዋል።

የአምቦ ውሃ ሲከፈት የሚፈላው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ለእርሱ ተብሎ በተሠራ ጠበንጃ ይሠራል። ግፊቱ በሙቀት ይለዋወጣል፤ በ20 ዲግሪ 57 ባር የነበረው በ30 ዲግሪ 72 ይደርሳል። ስለዚህ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተውም። ለዚህ ጋዝ የተሠራውን ጠበንጃ 200 ባር አየር መሙላት ደግሞ ቦምብ መሥራት ነው።

እንግዲህ በቡናው አገር ላለ ሰው የሚቀረው በደረጃ የሚያምቅ የእጅ ፓምፕ ነው። ያደክማል፤ ግን የሚሞላው ምን እንደ ሆነ ይታወቃል። ጠላቱ እርጥበት ነው። ቴፒ በክረምት ሙቀትና ዝናብ ባንድነት የሚውሉባት ከተማ ናት፤ የአንድ ሊትር አምስተኛ የሚይዝ ቋት እስከ 200 ባር ሲሞላ ከ40 ሊትር በላይ የውጭ አየር ይገባበታል፤ በዚያ አየር ውስጥ ወደ አንድ ግራም የሚጠጋ ውሃ አለ። ይህ ውሃ በየሙሊቱ እየተጠራቀመ የብረቱን ቋት ከውስጥ ያዝገዋል፤ ዝገቱም ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ማድረቂያ ያለው ፓምፕ መምረጥ፣ የማድረቂያውን ፍሬ ቶሎ ቶሎ መለወጥ፣ ጥቂት ደቂቃ ከገፉ በኋላ ፓምፑን አሳርፎ ውሃውን ማፍሰስ ያስፈልጋል። ሲሊንደር ገዝቶ የሚያስመጣ ቢኖር አንገቱ ላይ የተቀረጸውን የፍተሻ ቀን ይመልከት፤ እንደየአገሩ ደንብ በየ5 ወይም በየ10 ዓመቱ በውሃ ግፊት መፈተን አለበት። መክፈቻው ክዳን ሳይደረግለት በባጃጅ ጣራ ተጭኖ አይሂድ። ጠበንጃውን ስለ መያዝም በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 አንብቦ ፖሊስን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ማጠቢቂያው ሲደርቅ የሚቀባው ሠሪው ያዘዘው የሲሊኮን ቅባት ብቻ ነው፤ የሞተር ዘይት አይነካውም።