ሰው ሲቀጠር ምን ይታያል?

አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ተማሪ ወይም ጀማሪ ጸሐፊ ቢሆኑም፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቅጥር ኮሚቴ ተሰይመው ሰው የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። በዚያን ጊዜ፥ ማስታወቂያ አንብቦ፥ ማስረጃውን አስገልብጦ፥ ሸሚዙን አስተኩሶ የመጣ አንድ ወጣት ዕጣው በእጅዎ ይወድቃል። የሚሰጡት ፍርድ ነውና፥ እንደ ዳኛ ሊጠነቀቁበት ይገባል።

ብዙዎቻችን «እኔ ሰው ሳይ ዐውቃለሁ» እንላለን። ይህ ግን በጣም የሚያጠራጥር ችሎታ ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፥ የጦር መኮንኖች ስለ በታቾቻቸው የሰጡትን ነጥብ መርምሯል። በቁመናው የተመሰገነው ሰው በአስተዋይነቱም፥ በመሪነቱም፥ በጠባዩም አብሮ ይመሰገን ነበር፤ ይኸውም ከሚታመነው በላይ ነው። ቶርንዳይክ ይህን ስሕተት በቅዱሳን ሥዕል ራስ ዙሪያ በሚሣለው የብርሃን ክበብ ስም ጠራው። እኛም አገር ከረባቱ፥ አንደበቱና የእንግሊዝኛው ቅልጥፍና ለስንቱ አመልካች እንዲህ ያለ ብርሃን እንደሚያበራ አንባቢ ያውቀዋል።

የጥንት ቻይናውያን ይህን የሰው ድካም ቀድመው የተረዱት ይመስለኛል። በሶንግ ነገሥታት ዘመን (960–1279 እ.ኤ.አ.) ለመንግሥት ሹመት የሚፈተነው ሰው ስሙ ይሸፈን ነበር። በዚያም አላበቃም፤ ፈታኙ የእጅ ጽሕፈቱን እንዳይለየው መልሱን ሌላ ጸሐፊ ይገለብጠው ነበር። የፈተና ወረቀት የሚያርም መምህር ሁሉ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ስም መሸፈን ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠየቀው ነገር ከሥራው ጋር መገናኘት አለበት። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የሚፈለግ ነው እንበል። «ስለ ራስህ ንገረን» ቢባል፥ ተናጋሪው ደስ ያሰኛል፥ ዐይን አፋሩ ይወድቃል፤ ዕቃ ቆጠራው ግን ገና አልተነካም። ከዚህ ይልቅ ለእያንዳንዱ አመልካች ጥቂት የዕቃ መረከቢያ ሞዴል 19 እና የወጪ ሞዴል 22 ይሰጠው፤ ከመካከላቸውም አንዱ ሆን ተብሎ የተሳሳተ ይሁን። ቀሪውን በካርድ ላይ መዝግቦ ያሳይ። ስሕተቱን አግኝቶ «ይህ ቁጥር አይገጥምም» የሚለውን ሰው፥ ድምፁ ቢንቀጠቀጥም፥ ልብ ይበሉት። ለጸሐፊነትም ቢሆን ደብዳቤ ማጻፍ እንጂ ስለ ደብዳቤ ማነጋገር ምን ይረባል?

ቃለ መጠይቅ ይቅር ማለቴ አይደለም። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ የቀድሞ ጥናቶችን እንደገና መርምረው በ2022 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፥ የሠራተኛን የወደፊት ውጤት በመተንበይ ቀዳሚ ሆኖ የተገኘው ሥርዓት የተበጀለት ቃለ መጠይቅ ነው። ይኸውም ጥያቄው አስቀድሞ የተጻፈ፥ ለሁሉም አንድ ዐይነት የሆነና ነጥቡ በምን እንደሚሰጥ የታወቀ ማለት ነው። ነጥቡንም እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ከውይይት በፊት ለየብቻው ይጻፍ። አለቃው «ይህ ልጅ ጥሩ ነው» ካሉ በኋላ፥ ከበታች ያለው ጸሐፊ ሌላ ነጥብ ለመስጠት እንዴት ይደፍራል?

የዘመድን ነገር ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ከአመልካቾቹ አንዱ የሚዛመደው አባል ከኮሚቴው ይውጣ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ፍርድ ሊስት ይችላል። ስለዚህ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን የማይበልጥ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። የሚያሳዝነው፥ በአንዳንድ ቦታ አዲሱ ሠራተኛ ከነዚህ ቀናት ግማሹን የሚያሳልፈው ወንበር በመጠበቅና የቁም ሣጥን ቁልፍ በመፈለግ ነው። በስልሳኛው ቀን አለቃው ስለ ጠባዩና ስለ ትጋቱ ቅጽ ይሞላል፤ ሥራው ግን ገና አልታየም።