ታንከሩን የከበበው ግንብ

በነዳጅ ዲፖ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ትልልቆቹ ታንከሮች ላይ ነው። ዙሪያቸውን የከበበው ዝቅ ያለ ግንብ ተራ አጥር ይመስለዋል። የግንቡ ሥራ ግን ሌባ መከልከል አይደለም። ታንከሩ አንድ ቀን ቢቀደድ ወይም ከልኩ በላይ ተሞልቶ ቢፈስ፣ የወጣው ነዳጅ ቦይና ወንዝ ሳይደርስ እዚያው ታግዶ እንዲቀር ነው የተሠራው።

በብዙ አገሮች የተለመደው ልክ፣ ግንቡ ከከበባቸው ታንከሮች የትልቁን 110 በመቶ መያዝ አለበት የሚለው ነው። ትልቁ ታንከር 100,000 ሊትር የሚይዝ ከሆነ ግንቡ 110,000 ሊትር መያዝ ይኖርበታል ማለት ነው። ትርፉ ለዝናብና ለእሳት ማጥፊያ አረፋ ታስቦ የተተወ ነው። ወለሉም ባዶ አፈር ከሆነ ናፍጣው ወደ ታች ስለሚሰርግ፣ ኮንክሪት ይሞላበታል ወይም ፈሳሽ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፍበታል።

ዝናቡም እዚያው ስለሚያቁር ከግንቡ ግርጌ ማስወጫ ቫልቭ ይገጠማል። እንደ እኔ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ቫልቭ ላይ ነው። ዘወትር ዝግ መሆን አለበት። ውኃ ሲጠራቀም ሠራተኛው መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ላዩን ያያል፤ የሚያብለጨልጭ የዘይት ሽፋን ካለበት አይለቀውም። ንጹሕ ከሆነ ይከፍታል፣ እስኪያልቅ እዚያው ይቆማል፣ መልሶ ይዘጋል፣ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ክረምት ነውና በየቀኑ ማን ይመላለሳል ብሎ ከፍቶ የሄደ ሰው፣ ስንት ገንዘብ የፈሰሰበትን ግንብ ወንፊት አድርጎታል።

ግንብ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ አሜሪካ በውድ ዋጋ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1988 ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ፍሎሬፍ በምትባል ቦታ፣ አንድ ታንከር ናፍጣ እየተሞላ ሳለ ለሁለት ተተርትሮ ወደቀ። ከ14 ሚሊዮን ሊትር በላይ ናፍጣ በአንድ ጊዜ ሲደረመስ ማዕበሉ ግንቡን ዘለለው፤ ከፊሉም በዝናብ ውኃ ቦይ በኩል ሞኖንጋሂላ ወንዝ ገባ። ግንቡ ተኝቶ የሚጠራቀም ፈሳሽ ለመያዝ እንጂ ሲወረወር የሚመጣን ለመመከት አልተሠራም ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 2014 ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ኤልክ ወንዝ ዳር ካለ ያረጀ ታንከር የድንጋይ ከሰል ማጠቢያ ኬሚካል አፈተለከ። መጠኑ ወደ 38,000 ሊትር ቢሆን ነው፤ ግንቡ ግን የተሰነጣጠቀ ነበርና ሊያግደው አልቻለም። የአካባቢው የመጠጥ ውኃ መሳቢያ ከታች በኩል ቅርብ ስለነበር 300,000 ያህል ሰው ውኃውን እንዳይጠጣ፣ ምግብ እንዳያበስልበት፣ እንዳይታጠብበትም ተከለከለ። ስንጥቁ አስቀድሞ ቢደፈን ኖሮ ጉዳቱ ሊቀንስ ይችል ነበር።

ከነዳጅ ውጭም ይኸው ሥራ አለ። በትልልቅ ትራንስፎርመሮች ሥር የማቀዝቀዣውን ዘይት የሚቀበል በጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ጠጠሩ የሚቃጠል ዘይት ወርዶበት እንዲጠፋ ያግዛል። የወተት ፋብሪካም መያዣ ያስፈልገዋል። ወተት መርዝ ባይሆንም፣ ወንዝ ውስጥ በብዛት ሲፈስ ባክቴሪያዎች እየበሉት ይበዙና የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣው አየር አጥሮት ያልቃል።

የፀረ ተባይ መጋዘን ደግሞ እሳት ማጥፊያውን ውኃ ጭምር ማሰብ አለበት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1986 ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ባዝል አጠገብ፣ የሳንዶዝ ኩባንያ የኬሚካል መጋዘን ሲቃጠል የእሳት አደጋ ሠራተኞች የረጩት ውኃ መርዙን አጥቦ ራይን ወንዝ ውስጥ ከተተው። ወንዙ ቀላ፣ ዓሣው በጅምላ አለቀ። ያን ውኃ የሚይዝ ገንዳ አልነበረም።

ባሕር ላይ ግንብ ስለማይቆም ተንሳፋፊ መከለያ ይዘረጋል፤ ከላይ ተንሳፋፊ፣ ከታች እንደ መጋረጃ የሚንጠለጠል ሸራ፣ ከግርጌው ሰንሰለት አለው። ውኃው በሰዓት ከ1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ እየፈጠነ ፊት ለፊት ከመጣበት ግን ዘይቱ ከሥሩ ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ ወንዝ ላይ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ነው የሚወጠረው።

እኛ አገር ጋራዥ ውስጥ የተለመደው ሰጋቱራ መበተን ነው። ለዘይት ጠብታ ይሠራል፤ ናይትሪክ አሲድ ላይ ግን ፈጽሞ አይበተን፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በርሜልን ከሥሩ ትሪ መሰል ማጠራቀሚያ ባለው መደብ ላይ ማስቀመጥ ከዚያ ሁሉ ይሻላል፤ የሰፈር ብየዳ ቤትም ሊሠራው ይችላል። ጀነሬተር ያላችሁ ሆቴሎች፣ ክሊኒኮችና ፎቆች፣ የናፍጣ በርሜላችሁ ዛሬ ቢቀደድ ናፍጣው በየት በኩል እንደሚሄድ ግቢያችሁን ዞራችሁ እዩ፤ መንገዱንም ክረምት ሳይገባ ዝጉት።