ዞማ፦ ጭቃው ራሱ የሚታይበት ሙዚየም

አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ወደሚገኘው ዞማ ሙዚየም ሥዕል ሊያይ የሚመጣ ሰው ገና ከበሩ እንደገባ ግድግዳው ያስቆመዋል። ቤቶቹ የጭቃና የጭድ ናቸው። ግድግዳቸው ከላይ እስከ ታች በእጅ እየተቀረጸ የወጣ ነው፤ አንዱ ጎን እንደ ወንዝ የሚጠማዘዝ መስመር አለበት፣ ሌላው ክብ በክብ ላይ ተደራርቦበታል። ጭቃ ቤት ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ድህነት ነው። ዞማ ይህን ሐሳብ ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ስለዚህ ቦታ የምጽፈውም ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

ሙዚየሙን የመሠረቱት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያና የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጅዋ መስከረም አሰግድ ናቸው። ሥራቸው የተጀመረው ዞማ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣትነታቸው በካንሰር ላረፉት ሠዓሊ ለዞማ ሽፈራው መታሰቢያ ነው። ዛሬ የምናውቀው ሙዚየም ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። ሁለቱ መሥራቾች ከዚያ በፊት በአገሪቱ እየተዘዋወሩ ሕዝቡ ቤቱን በምንና እንዴት እንደሚሠራ ለዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። መካኒሳ ላይ የቆመው ያ ጥናት ነው ቢባል አይበዛበትም።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር እዚያ ዋልን። ጓደኛዬ ጎጃም ገጠር ውስጥ ያደገች ናት፤ እናቷ ለዓመት በዓልና ለሠርግ ቤት ሲለስኑ ጭቃ እያቀበለች ነው ያደገችው። እኔ ቅርጹን እያየሁ ስደነቅ እሷ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ጭዱን ትመረምር ነበር። «ይሄ በደንብ የቦካ ነው፤ ያልቦካ ጭቃ ይኼን ያህል አይታዘዝም» አለችኝ። የዕለቱ አስጎብኚዬ እሷ ሆነች።

የጭቃ ቤት ነገር የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። አሸዋ የበዛበት አፈር አይያያዝም። ዋልካ ደግሞ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ባለሙያ አፈር ይመርጣል፣ ካስፈለገም ያዳብላል። ከዚያ ጭድ ይገባበታል፤ የሚመረጠው የጤፍ ጭድ ነው፣ ቀጭንና ልስልስ ስለሆነ በጭቃው ውስጥ በሁሉም አቅጣጫ ይሰራጫል፤ ጭቃው ሲደርቅና ሲኮማተር ሊከፈት የሚፈልገውን ስንጥቅ አንቆ ይይዘዋል። ውኃ ተጨምሮበት በእግር ይረገጣል። ቀጥሎ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጭቃው ለቀናት፣ እንዲያም ሲል ለሳምንታት እንዲቦካ ይተዋል፤ በየጊዜው ውኃ እየጠጣ፣ እየተገለባበጠ፣ እንደገና እየተረገጠ ይቆያል። በዚህ ጊዜ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ጭዱን እያበሰበሱ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣሉ። ሽታው ከሩቅ ይታወቃል። የጓደኛዬ እናት ሽታው ካልመጣ ግድግዳ አያስነኩም ነበር።

የቆመው እንጨት በማገር ከተያያዘ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣው ምርጊት ነው፤ ወፍራም ጭቃ በእጅ እየተወረወረ በእንጨቶቹ መሐል ይጠቀጠቃል። ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፣ መሰንጠቅም አለበት፤ ሁለተኛው ንብርብር የሚነክሰው ያንን ስንጥቅ ነውና። ልስን መጨረሻ ይመጣል፤ አፈሩ የተነፋ፣ ጭዱ የደቀቀ፣ በብዙ ቦታም እበት የተቀላቀለበት። ይህ ሥራ በብዙው ገጠራችን የሴቶች እጅ ሥራ ነው። ዞማ ላይ ቅርጹ የወጣው በዚህ በላይኛው ንብርብር ላይ ነው። ጓደኛዬ አንዱን መስመር በዓይኗ እስከ ጥጉ ከተከተለች በኋላ፣ «እናቴም በመስኮቱ ዙሪያ በጣቷ ታስጌጥ ነበር፤ ግን ማንም ሥዕል ነው ብሏት አያውቅም» አለችኝ።

የጭቃ ቤት ጠላቱ ውኃና ምስጥ ነው። ጣሪያው ወጣ ብሎ ግድግዳውን ከዝናብ ከሸፈነ፣ መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ብሎ የጠፈጠፉን ፍንጣሪ ካራቀ፣ ልስኑም በየጊዜው ከታደሰ፣ ቤቱ ከአንድ ትውልድ በላይ ይቆማል። ቀን ሙቀቱን እያዘገየ፣ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። ወደ ውስጥ ስንገባ ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር፤ ውስጡ ግን ምንም ማቀዝቀዣ ሳይኖር ቀዝቃዛ ነበር። ሲፈርስም ወደ አፈርነቱ ይመለሳል፤ አፈሩ ዳግም ተቦክቶ ለሌላ ግድግዳ ይሆናል። ይህን ሁሉ ከሲሚንቶ መጠበቅ አይቻልም።

የኤልያስ ስሜ ሌሎች ሥራዎችም የሚነሡት ሰው ጥቅሙን ጨርሷል ብሎ ከተወው ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ተመርቀው ከወጡ በኋላ በአዝራር፣ በክርና በጨርቅ ብዙ ሠርተዋል። በዓለም ይበልጥ የሚታወቁት ግን «ታይትሮፕ» በሚለው ተከታታይ ሥራቸው ነው፤ ከመርካቶ የሚገዙ የተጣሉ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችን፣ የመጻፊያ ቁልፎችንና የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን እየጎነጎኑና በእንጨት ላይ እየቸነከሩ ትልልቅ ገጾች ይሠራሉ። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የሚታይ የእርሻ መሬት ይመስላል፤ ሲጠጉት እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ የነበረ ዕቃ ነው። የስሚዝሶንያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 ሸልሟቸዋል፤ ሥራቸው በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም ይገኛል። በእኔ ግምት ግን ትልቁ ሥራቸው መካኒሳ ያለው ግቢ ነው።

ግቢው ራሱ ተበክሎ የነበረ መሬት ነው። ዛሬ የድንጋይ መንገድ፣ የአትክልት ቦታ፣ ላሞች፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ካፌና የዐውደ ርእይ አዳራሽ አለው። ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤትም እዚያው አለ፤ ልጆቹ አፈሩንና ተክሉን ከመማሪያ ክፍላቸው እኩል ያውቁታል። ይህን ከአዳራሹ ዐውደ ርእይ በላይ ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም ጭቃን ሳይንቅ የሚያድግ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ብርቅ ሆኗል። መሥራቾቹ ድሬዳዋ አጠገብ ባለችው ሐርላ መንደርም ማዕከል አላቸው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በታላቁ ቤተ መንግሥት ለተከፈተው አንድነት ፓርክ የግቢ ሥራም ተሳትፈዋል።

ካፌው ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። እሷ እንዲህ ያለ ቤት ለሙዚየም እንጂ ለተራ ሰው አይሆንም ባይ ናት፤ ልስኑን በየዓመቱ ማን ያድሳል፣ የከተማ ሰው ከየት ጊዜ ያመጣል ነው ጥያቄዋ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኔ መልስ ይህ ነው፦ የአዲስ አበባ ነባር መንደሮች ቤት በአብዛኛው ጭቃ ነበር፣ በየመንደሩም የሚያድስ ባለሙያ አይጠፋም ነበር። ዛሬ መንደሮቹ ሲፈርሱ ባለሙያውም ሥራ እያጣ ነው። አርክቴክቶቻችን በትምህርት ቤት ስለ ኮንክሪት የሚማሩትን ያህል ስለ ጭቃ ቢማሩ፣ ከባለሙያዎቹም ጋር ቢሠሩ፣ ርካሽና ጤናማ ቤት የምንሠራበት ዕውቀት አሁንም በእጃችን ነው። ጓደኛዬ ሙሉ በሙሉ አልተስማማችም። እናቷ ሲመጡ ግን እዚህ ልታመጣቸው ወስናለች፤ ስለ ግድግዳው ልስን የሚሰጡትን ፍርድ እኔም ልሰማው እፈልጋለሁ።