ከቦክንሃይም እስከ ታን፦ የአምስት ቀን የመኪና ጉዞ በወይን አገር

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ወዳጄ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ወደ ፍራንክፈርት ስለ ጠራው፥ ሥራው ካበቃ በኋላ በሚተርፉት አምስት ቀኖች ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋራ መኪና ተከራይቶ የጀርመንንና የፈረንሳይን የወይን አገር ለመጐብኘት አስቦ፥ ዕቅዱን በአንድ ወረቀት ጽፎ እንዳየው ሰጠኝ። በወረቀቱ ላይ ሞዜል አለ፤ ሻምፓኝ አለ፤ ቡርጎኝ አለ፤ አልዛስም በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ተሸጕጦ አለ። መንገዱን ደምሬ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን ብነግረው ደነገጠ። እንዲህ የሚጓዝ ሰው ወይን አገር ደርሼ መጣሁ ቢልም፥ በእውነቱ ያየው የአውራ ጐዳናውን አጥርና የነዳጅ ማደያውን ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ሁለት መንገድ ብቻ ጻፍሁለት። አንደኛው በጀርመን አገር በፕፋልስ ግዛት ከቦክንሃይም ተነሥቶ በፈረንሳይ ጠረፍ እስካለችው እስከ ሽቫይገን የሚወርደው፥ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የጀርመን የወይን መንገድ ነው። ሁለተኛው ከማርለንሃይም እስከ ታን የሚደርሰው፥ 170 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የአልዛስ የወይን መንገድ ነው። ከአንዱ መጨረሻ እስከ ሌላው መጀመሪያ፥ በስትራስቡርግ በኩል አድርጎ ለመድረስ ከግማሽ ቀን በላይ ስለማይፈጅ፥ ሁለቱን እንደ አንድ መንገድ መቍጠር ይቻላል።

የተፈጥሮውም ነገር አንድ ነው። በስተ ምዕራብ የቮዥ ተራራ፥ በሰሜንም ሃርት የሚባለው ተከታዩ እንደ ግንብ ቆመዋል። ከአትላንቲክ የሚመጣው ደመና ዝናቡን በተራራው ጀርባ ስለሚያፈስሰው፥ በምሥራቅ በኩል ያለው ተዳፋት ፀሐይ የሚበዛበትና ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ኮልማር ከፈረንሳይ ከተሞች ሁሉ ዝናብ ከሚያንስባቸው አንዷ ናት። በፕፋልስም በለስ ይበስላል፤ ጊመልዲንገን በምትባለው መንደር የለውዝ ዛፍ በመጋቢት ያብባል። ሪዝሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን በጠረፉ ወዲህም ወዲያም የሚበቅለው ስለዚህ ነው። በማግስቱ ያንኑ ወይን በሌላው አገር እጅ ተጠምቆ መቅመስ፥ አሥር ዓይነት ወይን በአንድ ቀን ከመቅመስ ይልቅ ያስተምራል።

ወዳጄ «የጀርመኑ መንገድ የጥንት መንገድ ነውን?» ሲል ጠየቀኝ። አይደለም። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1934 የወይኑ መከር እጅግ ስለ በዛ ዋጋው ወደቀ። በዚያውም ላይ የወይኑን ንግድ ከያዙት ሰዎች ብዙዎቹ አይሁድ ነበሩና፥ ናዚዎች እነርሱን እያሳደዱ ከሥራቸው ስላስወጧቸው ገዢ ጠፋ። የግዛቱ የናዚ ሹም ጎብኚ ለመሳብ ብሎ መንገዱን በ1935 ከፈተ፤ በሽቫይገን ያለው ታላቁ የድንጋይ በርም በ1936 ተሠራ። ከበሩ ሥር ሆነው ፎቶግራፍ የሚነሡት መንገደኞች ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም። መታወቅ ግን አለበት።

ከዚሁ መንገድ ሳይወጡ ሌላ ታሪክ ደግሞ ይገኛል። ከኖይሽታት ከተማ በላይ ባለው በሃምባኽ ግንብ በ1832 ሠላሳ ሺሕ የሚገመት ሕዝብ ተሰብስቦ ነፃነትንና የጀርመንን አንድነት ጠይቋል። በዚያ ቀን የተያዘው ጥቁር፥ ቀይና ወርቅማ ሰንደቅ ዓላማ ዛሬ የጀርመን ባንዲራ ነው። ቀረጥ ያስመረራቸው የወይን ገበሬዎችም የኀዘን ምልክት የሆነ ጥቁር ባንዲራ ይዘው ወጥተው ነበር። ለመንግሥት ሠራተኛ ይህ ግንብ የግማሽ ቀን ዋጋ አለው። በባድ ዱርክሃይም ያለውን 1,700,000 ሊትር ይይዛል የሚባለውንና ምግብ ቤት የሆነውን በርሜል ግን በመኪና እያለፉ ማየት ይበቃል።

ከሽቫይገን ወደ ፈረንሳዪቱ ቪሰምቡር በእግርም ይደረሳል። የሚያስገርመው ነገር፥ የሽቫይገን ገበሬዎች ከወይን ቦታቸው ብዙው የሚገኘው በፈረንሳይ መሬት ላይ ነው። ወይኑ በፈረንሳይ ይለቀምና በጀርመን ይጠመቃል፤ የጀርመን ወይን ተብሎም ይሸጣል። አልዛስ በ1871 ከፈረንሳይ ወደ ጀርመን ዞረ፤ በ1918 ለፈረንሳይ ተመለሰ፤ በ1940 ሂትለር ያዘው፤ ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ ዳግመኛ የፈረንሳይ ሆነ። በ1870 በቪሰምቡር ተወልዶ ሰማንያ ዓመት የኖረ ገበሬ፥ ከቤቱ ደጃፍ ሳይርቅ መንግሥት አራት ጊዜ ተለውጦበታል ማለት ነው። በ1952 የሰላም የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ሐኪሙ አልበርት ሽቫይትሰርም በዚሁ መንገድ ላይ በምትገኘው በካይዘርስበርግ በ1875 ሲወለድ የጀርመን ዜጋ ነበረ፤ በኋላ ፈረንሳዊ ሆነ።

የአልዛስ የወይን መንገድ የተመረቀው በ1953፥ ጦርነቱ ካበቃ በስምንት ዓመት ነው። ጎብኚ ሁሉ የሚጋፋባት ሪክቪር የ16ኛውን መቶ ዓመት ቤቶቿን እንደ ያዘች ቀርታለች፤ በእውነትም ታምራለች። ነገር ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቃት ቤንቪር በ1944 መጨረሻ በጦርነቱ ፈርሳ እንደ አዲስ የተሠራች መንደር ናት። ወዳጄ በሁለቱም እንዲያድር ሳይሆን በሁለቱም እንዲቆም ነገርሁት። አንዷን ብቻ ያየ ሰው አገሩ ከጥንት ጀምሮ በአበባና በሥዕል ብቻ የኖረ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቅ ልምጣ። ሦስት ወጣቶች፥ አንድ መኪና፥ በየመንደሩም የሚቀዳ ወይን አለ። በሁለቱም አገር ለነጂ የተፈቀደው በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ከ0.5 ግራም አልኮል በታች ነው። ነገር ግን በጀርመን ዕድሜው 21 ያልሞላ ወይም መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና በሁለቱ የሙከራ ዓመቶች ውስጥ ያለ ሰው አንዲት ጠብታ እንኳ ቀምሶ መንዳት ክልክል ነው። በፈረንሳይም ለአዲስ ነጂ ወሰኑ 0.2 ነው፤ ይህም አንድ ብርጭቆ እንኳ አይፈቀድም ማለት ነው። ብርጭቆ እየቈጠሩ «እስከዚህ ይፈቀድልኛል» ማለት ራስን ማታለል ነው። ወይን በሚቀመስበት ክፍል የመትፊያ ዕቃ ይቀመጣል፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ቀምሰው ይተፋሉ እንጂ አይውጡም፤ እንግዳም እንዲሁ ቢያደርግ ነውር የለበትም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለእያንዳንዱ ቀን ነጂውን አስቀድሞ በስም መጻፍ ነው። መኪናውንም በማደሪያው አቁሞ ከመንደር ወደ መንደር በወይኑ መካከል በእግር መሄድ ይቻላል፤ ብዙዎቹ መንደሮች የአንድ ሰዓት እርምጃ እንኳ አይራራቁም።

የቀረው ቀላል ነው። ሁለቱንም አገር አንድ የሼንገን ቪዛ ይበቃል፤ ነገር ግን ጀርመን በመስከረም 2024 በየብስ ድንበሯ ሁሉ ፍተሻ ስላቆመች፥ ፓስፖርት ከሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከኪስ ይሁን። ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድም ይያዝ። ዕድሜው ከ25 በታች ለሆነ ነጂ አከራዮች ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቃሉ። እሑድ የጀርመን ሱቆች ይዘጋሉ፤ በአልዛስም በምሳ ሰዓት የብዙ ወይን ጠማቂዎች በር ይዘጋል። በመከር ጊዜ፥ በመስከረምና በጥቅምት፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ በወይን ለቀማ ላይ ስለሚሆን አስቀድሞ ደውሎ ቀጠሮ መያዝ ጨዋነት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ወዳጄን ደስ ያሰኘው አንድ ነገር ነበር። በጀርመን ወይን ተካዩ በዓመት እስከ አራት ወር ድረስ ቤቱን ከፍቶ የራሱን ወይን ከቀላል ምግብ ጋራ እንዲሸጥ ይፈቀድለታል፤ ለዚህም ምልክት በደጁ ላይ ቅጠል ወይም መጥረጊያ ይሰቅላል። በእኛ አገር ጠላ ያለበት ቤት በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ እንደሚደፋ መሆኑ ነው። በመከር ወራት በዚያ የሚቀርበው አዲስ፥ ገና የሚፈላው ወይን በሽንኩርት ከተጋገረ ቂጣ ጋራ ይበላል። ጠርሙሱ አየር እንዲያስወጣ ሆኖ ስለሚከደን፥ በመኪና ውስጥ ቢጋደም ሁሉንም ያጥባልና ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

በመጨረሻ ቀኖቹን እንዲህ ደለደልን፤ ሁለት ሌሊት ከኖይሽታት አጠገብ፥ አንድ ሌሊት ቪሰምቡር፥ አንድ ሌሊት በኮልማር አካባቢ፥ በአምስተኛው ቀን እስከ ታን ወርዶ ወደ ፍራንክፈርት መመለስ። ወዳጄ ወረቀቱን አንሥቶ ከላይ እስከ ታች ካነበበ በኋላ፥ ጣቱን በቪሰምቡር ላይ አሳርፎ፦

«በዚህ ቀን የሚነዳው ማነው?» አለኝ።

«የአንተን ስም ጽፌዋለሁ» አልሁት።