ሚዛኑ «ኖርማል» አለኝ፣ ሜትሩ አጋለጠኝ

18 ማዞሪያ፣ ታክሲ ከምንጠብቅበት አጠገብ ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ደንበኛው ነኝ። 68 ኪሎ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ስለሆነ ስልኬ ላይ ሳሰላው 23.5 ይመጣል፤ ከ25 በታች ነውና «ኖርማል» ይለኛል። እኔም ቦርጬን በሸሚዝ ሸፍኜ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ።

ጉዱ የወጣው ሱሪ ላሰፋ የሄድኩ ቀን ነው። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ሜትሩን ሆዴ ላይ አዙረው «ልጄ፣ እግርህ የተማሪ፣ ሆድህ የባለሀብት» አሉኝ። 96 ሴንቲ ሜትር! ሳቅን። ማታ ግን አባቴ ትዝ አለኝ። ስኳር አለበት፤ እሱም እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ ነው የወጣው።

ለካ ስብ ሁሉ አንድ አይደለም። ዳሌና ጭን ላይ የሚቀመጠው፣ ከቆዳ ሥር ያለው፣ ብዙም ተንኮል የለውም። ችግሩ ያለው ውስጥ ገብቶ አንጀትንና ጉበትን በሚከበው ላይ ነው። ከዚያ የሚለቀቀው ቅባት በደም ሥር ቀጥታ ወደ ጉበት ይገባል፣ ኢንሱሊንም እንደ ድሮው መሥራት ያቅተዋል። ስኳር፣ ግፊት፣ የልብ ሕመም ተከታትለው ይመጣሉ። ዣን ቫግ የተባለ የማርሴይ ሐኪም ይህን የቦታ ልዩነት በ1947 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ እኛ ግን ዛሬም ቦርጭ ያወጣን ሰው «ተመቸህ፣ አማረብህ» እንላለን። በ52 አገሮች ከ27 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናትም የወገብና የዳሌ ንጽጽር ከኪሎ ስሌቱ ይልቅ ከድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ጋር በጥብቅ እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ሜትር ካላችሁ አሁኑኑ ሞክሩት። ከመጨረሻዋ ጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽ አውጥታችሁ፣ ሆድ ሳትስቡ (ታዩታላችሁ፣ ሁላችንም እንስባለን)። ወንድ 94፣ ሴት 80 ከደረሰ አደጋው መጨመር ይጀምራል፤ 102 እና 88 ላይ ደግሞ በጣም ያሻቅባል። ሌላው ቀላል መንገድ፦ ወገብ ከቁመት ግማሽ መብለጥ የለበትም። የኔ ግማሽ 85 ነው። አስቡት እንግዲህ።

በነጋታው ቁርስ ሳልበላ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ስኳሬ 112። ሲስተሯ «በሽታው ገና አልያዘህም፣ ግን መንገዱ ላይ ነህ፤ ከ126 በፊት ተመለስ» አለችኝ። አባቴን እንዲህ ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። እሱ ያወቀው ዓይኑ ሲደበዝዝ ነው።

ለስላሳ ተውኩ፣ ቢራዋን ቀነስኩ። ማታ ማታ ከጦር ኃይሎች እስከ 18 በእግሬ ነው፤ የውስጡ ስብ ደግሞ ለእንቅስቃሴ ቶሎ ነው የሚሸነፈው። ከአራት ወር በኋላ ልብስ ሰፊው ጋ ተመለስኩ፦ 91። ሚዛኑ ልጅ ጋ ስወጣ ግን 67 ነው። «ብራዘር፣ ምንም አልቀነስክም እኮ» አለኝ።